ሰሙን ተወው

የነካሁትን ሁሉ አጥቤ ነው የማድር።
ብሩክስ ከተማ ላይ፣ አልበርታ በሚሉት ምድር፣
ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ ሌት ተረኛ ነኝና፣
ቢላዬን፣ ቦቲዬን፣ የብረት ጓንቴን ገና
ደሙ ሳይረጋበት በፈላ ውሃ መትቼ፣
«ንጹሕ» ብሎ ሲፈርም ተቆጣጣሪውን አይቼ
ነው ቤቴ የምገባው።

ታዲያ ትርሲት ልጄ ተኩስ ልማር ስትለኝ፣
ፈቃዴን አወጣሁ፤ ከአንድ ጡረተኛም ደረሰኝ
ያገለገለች ጠመንጃ፣ ሃያ ሁለት የሚሏት፣
የሽምብራ ታናሽ የምታህል ጥይት የሚያጎርሷት።

እሷ እሑድ ትተኩሳለች። እሑድ ማታ የኔ ፋንታ፦
ዘንጉ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ፣ ዘይት ነክሬ በዝግታ
አንዴ ገፋ፣ አንዴ ሳብ፣ ጥቁሩ እስኪለቅ ድረስ፣
ጨርቁ እንደ ገባ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ።
በአንዱ ጫፍ አምፖል ይዤ በሌላው ሳይ፣ መስተዋት!
ጠመዝማዛው ሽንትር ሁሉ ያብረቀርቃል እንደ ጥርስ ንቅሳት።
ኮራሁ።

ትርሲት ግን በሜዲስን ሃት ውድድር
የመጀመሪያ ዐሥሩን ጥይት በተነችው እንደ ዘር።
ሁለቱ ግራ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ወረቀቱን ጭራሽ ሳተ፤
የቀረው ሠላሳ ጥይት አንድ ቀዳዳ ገባ፤ ነጥቡ ግን አንዴ ሞተ።
በመኪና ስንመለስ ዝም አለች፣ ዝም አልኩ፤
በረዶ ጠራጊው ፊት ፊታችን ሲሄድ በልቤ ማልኩ፦
ዛሬ ማታ ሁለት ጊዜ እጠርገዋለሁ።

አሰልጣኟ ኢንገር ሶረንሰን ናት፣
የመስኖ ቢሮ ጸሐፊ የነበረች፣ ሁለት ጉልበቷ በብረት የተተካላት።
በሚቀጥለው እሑድ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዞረች፣
አሸተተችው ደግሞ።
«ይህን ማን አጠበው?» አለች።
«እኔ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ «በየሳምንቱ፣ ሳላሰልስ።»
ሳል እስኪይዛት ሳቀች።

«ስማ፤ ይቺ እርሳስ ናት፣ ለስላሳ፣ ሰም የተቀባች፤
በሄደችበት መንገድ ሰሟን ትታ ነው የምትወጣ፣
ተከታይዋም በዚያ ሰም ተንሸራታ ነው የምትመጣ።
አንተ ማታ ትገፍፈዋለህ፤ ልጅህ በዐሥር ጥይት
ጠዋት መልሳ ትለስነዋለች፣ በራሷ ነጥብ ኪሳራ።
የጥይቷን መኝታ ጥረግ፤ ጥላሸት እዚያ ነው የሚሠራ።
በርሜሉን ግን ተወው። በተኩስ ካረጀ በርሜል
በዘንግ የተፋቀ ነው ያየሁት ብዙ።»

«ታዲያ በስንት ጊዜ?» አልኳት። ቁጥር ነበር የፈለግሁት፣
እንደ ፋብሪካው ሰሌዳ፣ ፈርሜ የማልፍበት።
«ኢላማው ሲነግርህ» አለች። «በአምስት መቶም፣ በሺህም፤
እኔ የራሴን የጠረግሁት አምና በረዶ ሲቀልጥ ነው።
ወይስ ካቻምና?»

ሰም ማለት ለእኔ ገፍፈው የሚጥሉት ነበር፣
ወርቁ ከሥር አለና።
እዚህ ግን ሰሙን ብገፍፍ ከሥሩ ያገኘሁት
ባዶ ብረት ነው፣ ልጄን ዐሥር ጥይት ያስከፈልኩበት።
ልኳልሽ ብሎ ዐይኗን አጠፋ፤
ለካ ያ ሰው እኔ ነኝ።

እሑድ መሸ። እጄ ዘንጉን ፈለገ።
መሳቢያውን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ።
የታጠበ ድስት አወጣሁና ደግሜ አጠብሁ።
ትርሲት ከደረጃው አየችኝ። ምንም አላለች።

ደብተር ገዛሁ። ኅዳር፦ መቶ ሃያ።
ታኅሣሥ፦ ዘጠና (ውርጩ ክበቡን አዘጋው)።
ጥር፦ ሁለት መቶ ዐሥር። የካቲት፦ መቶ ስልሳ።
በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ስድስት መቶ አርባ ላይ፣
በአንድ ሳንቲም ይሸፈን የነበረው ቀዳዳ ዳሩ ሰፋ።
እኔ አላየሁትም። እሷ ናት ያየችው።
«አባዬ፣ አሁን» ብላ ዘንጉን ከእጄ ወሰደችው።
ከኋላ ወደ ፊት፣ ሦስት ጊዜ፣ በቃ።

«ገና ጥቁር ነው እኮ!»
«ይሁን» አለች፣ ጨርቁን ጥላ።

አምፖሉን ይዤ ቀረሁ።

ሌሊቱን ሥራ ገባሁ። ቢላዬን አጠብኩ፣ ቦቲዬን አጠብኩ፤
ጓንቴን ሳወልቅ ጣቴ ላይ ጥቂት የሰም ሽታ ነበር።
ተቆጣጣሪው መጣ፣ እጄን አየ፣
«ንጹሕ» ብሎ ፈረመ።