ቋጠሮ

አባቴ መረቡን ዘርግቶ በደጁ
ይጠግናል ማታ፣ መርፌ ይዞ በእጁ፤
የቺምቦቴ ጭጋግ ጣራው ላይ ተኝቶ፣
የዓሣ ፋብሪካው ጭስ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ።

እኔ ግን ያን ጊዜ፣ በዐሥራ አራት ዓመቴ፣
ሌላ መረብ ነበር የቀን የሌት ቅዠቴ፦
ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ
በዛጉ ብረቶች ተወጥሮ የሚታይ።
መሐሉ ተበጥሶ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ውሏል፤
እንኳን ለኳስና ለውሻም ይበቃል።

ዘልዬ ስመታ፣ ሲሚንቶው ሲያስተጋባ፣
«ከእኔ ወዲያ ላሳር» እላለሁ ስገባ።
«ስጡኝ» ነበር ቃሌ፤ ሌላ ቃል አልነበረኝ፤
አምስቱ ባልንጀሮች ኳስ ለቃሚ መሰሉኝ።

በዐሥራ ስድስት ዓመቴ መምህርት ኦብዱሊያ
ጠራችኝ ለብቻ፣ ከቋሚው ወዲያ።
«ዳማሪስ» አለችኝ፣ «መምታቱ ይበቃሻል፤
ከዛሬ ጀምሮ ማቀበል ይሻልሻል።
አምበልም ነሽ።»
ከቁጥሬ ሥር ነጭ ጨርቅ በእጇ ሰፋችልኝ፤
ጠማማ ነበረ። እንደ ቅጣት ታየኝ፦
ሁለተኛው ንክኪ ሁልጊዜ የእኔ ነው፤
ጭብጨባው ግን የሦስተኛው።

አምበልነት ማለት መጮኽ መስሎኝ ነበር።
ጮኽኩ።
ከሳንታዎች ጋር በተጋጠምን ዕለት
ኔሊዳ፣ ያቺ ግራኝ፣ ያቺ ዝምተኛ፣
ሰርቪሱን ሦስቴ መረብ ላይ ጣለችው።
«እጅሽ» አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ፣
«ከዓሣ በቀር ምንም አያውቅም!»
እናቷ ዓሣ እየሰነጠቀች
እንደምታሳድጋት እያወቅኩ።

ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም።
ረቡዕ ባዶ ቦታዋ ላይ ኳስ ሲወድቅ
አምስታችንም ቆመን አየን።

«ቋጠሮ ሁለት ነው» ይላል አባቴ፣
ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሣ፣
«የሚይዝ አለ፤ የሚያንቅ አለ።
የሚያንቀውን በጊዜ ካልፈታሽው
መቁረጥ ነው የሚቀርሽ።»

ሐሙስ ሄድኩ፣ ወደቡ ዳር፣ ዓሣ ገበያው ጓዳ።
ከእናቷ ጎን ቆማለች፤ ቢላዋዋ ይበርራል።
አልተናገርኩም። ቢላዋ አነሣሁ።
በሦስተኛው ዓሣ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ።
ኔሊዳ ደሜን አየች፣ ዓሣውን አየች፣
«እጅሽ» አለች፣ «ከኳስ በቀር ምንም አያውቅም።»
መጀመሪያ እናቷ ሳቀች። ከዚያ እኛ።
ይቅርታው ከሳቁ በኋላ ወጣ፣
እንደ እሾኽ፣ ትንሽ እየደማ።

ጣቴን በጨርቅ እያሰረች፣ ቀስ ብላ፣
«ኳሷን ከመረቡ አንድ ስንዝር አርቂልኝ፤
ከፍም አድርጊያት። ግራኝ ነኝ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

መጠየቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።
ኢሳውራ ዝቅ ያለ፣ ፈጣን ትወዳለች፤
ፍሎሪንዳ ስሟ ሲጠራ ትደነግጣለች፣
ዓይኗን ማየት ይበቃል።
ዚሊያን ስትሳሳት ዝም በሏት፤
ቆይታ ራሷ ትስቃለች።
ይህን የጻፍኩበት ደብተር
ከሒሳብ ደብተሬ ይወፍራል።

የሜዳውንም መረብ፣ ከአባቴ ተምሬ፣
በእርሱ መርፌ ጠገንኩ፣ ቅዳሜ ጀምሬ፤
እሑድ ስድስታችን ገመድ ስንስብ ዋልን፣
መዳፋችን ተላጠ፣ ተያይተን ሳቅን።

ፍጻሜው ከተራሮቹ ልጆች፣ ከዋራሶች ጋር።
አምስተኛው ዙር። ዐሥራ ሦስት ለዐሥራ አራት።
ኳሷ ጣቴ ላይ ደረሰች፣ ጠባሳዬ ላይ።
የድሮዋ ዳማሪስ በውስጤ «ለእኔ!» አለች።
ሰማኋት፤ አለፍኳት።
ከፍ አድርጌ፣ ከመረቡ አንድ ስንዝር አርቄ፣
ለግራ እጇ።
ኔሊዳ ዘለለች። እንደዚያ ስትዘል አይቻት አላውቅም።
መታች።
ሁለት ጣት ያህል
ወጣች።

ፊሽካው ሲነፋ ማንም መሬት መሬት አላየም፤
ወደ እርሷ ሮጥን።
«እንደገና ብትመጣም» አልኳት በጆሮዋ፣
«ለአንቺው ነው የምሰጣት።»

ማታ አባቴ ደጃፉ ላይ፣ መርፌውን ሳያስቀምጥ፣
«ያዛችሁ?» አለኝ።
«አመለጠን።»
«መረቡስ?»
«አልተበጠሰም።»