ምንጭ?

ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ፣ ፎቶ ኮፒ ናት ቤቴ፤
አሥራ አራት ክረምት፣ በሰው ሐሳብ ነው ያለቀው ጣቴ።
መመረቂያ እተይባለሁ፣ አንዱን ገጽ በአሥር ብር፤
ስሜ ደረሰኝ ላይ ብቻ፣ ከግብር ቁጥሬ ጋር።

ሰኞ ማታ ሙንተሃ መጣች፣ ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣
ረቂቋ ከጉያዋ ወጣ፣ ከጅማ ዝናብ አምልጦ።
መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ዳር፣
«ምንጭ?» ብሎ ጽፎባታል፤ ሌላ አንዳች ሳይጨምር።

«ከጅሬን ተዳፋት ሥር ስምንት ምንጮች ይፈልቃሉ።»

ሳቄ መጣ። «ስለ ምንጭ ጽፈሽ፣ ምንጭ የለሽም?» አልኳት።
«ሁሉም ይለዋል እኮ!» አለች፤ ትንሽም ከፋት።

«ሁሉም» የሚባል ደራሲ፣ ስንት ጥራዝ ጻፈ!
ስሙ ሳይጠየቅ በር ላይ፣ ስንቱን ፈተና አለፈ!

እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር፤
አምስቴ አልፏል በጣቴ፣ በአምስት ጥቁር ጋውን ሥር።
ጓደኞቹ ከመደርደሪያ ቁጥር ሲፈልጉ፣
በእግሩ ወጥቶ የቆጠረ፣ ነዚፍ አባ ቡልጉ።
ጽሑፉ እንደ ጉንዳን፣ በእርሳስ፣ በካሬ ወረቀት፣
ኅዳጉ ላይ የጭቃ አሻራ፣ ቀንና ሰዓት፣ የከብት መንገድ ምልክት።

መብራት ሊሄድ ሲርገበገብ፣ ጣቴ ሐሳቤን ቀድሞ፣
የልጁ ሦስት በአኃዝ ነበር፤ ጎኑ በዓይኔ ተገጥሞ
ስምንት ሆነብኝ።

አላየውም፤ ወይ አይቶ ትቶት፣ ተመርቆ ሄደ።
ስሙ በሁለተኛው ቀጂ እጅ ከገጹ ወረደ፤
ስህተቴ ግን ሳይጎድል፣ በየዓመቱ ተወለደ።

«አምስት ሰው ተሳስቶ?»
«አንድ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ።»
ሙንተሃ ተነሥታ ወጣች። ጃንጥላዋ ቀረኝ።

ሐሙስ ተመለሰች፣ እስከ ጉልበቷ ቀይ አፈር፦
«ሁለት ናቸው አሁን። ሦስተኛው ላይ ብሎኬት፣ አጥር።
አባ ገሮ የሚባሉ ሰው፣ በከዘራቸው ጫፍ፣
‹እዚህ ነበር› ብለው አሳዩኝ፣ ከአዲሱ ግንብ አፋፍ።
ስማቸውን ጠየቅሁ፣ ለመጻፍ ፈቃዳቸውንም፤
‹ጻፊው› አሉኝ፣ ‹ውሃው እንጂ እኔ አልደረቅሁም።›»

ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ፣ ለአንባቢም ከበደ፦
ነዚፍ ያኔ ሦስት ማለቱ፤ ሦስተኛው ወዴት እንደሄደ
አባ ገሮ በቃል መንገራቸው፤ እሷ ሁለት ማየቷ፤
ስምንቱስ? ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሰፍሯል እውነቷ፦
«የትየባ ግድፈት፤ ወይዘሮ ፅጌ ወርዶፋ እንደነገሩኝ።»

በጸሎቱ ጸ ነው ስሜ፤ በፀሐዩ ፀ ጻፈችው።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። የሷ ነው።

ደረሰኝ ቆረጥኩላት፤ ገጹን ቆጥሬ ነገርኳት፦
ዘጠና ሁለት ነበር፤ ዘጠና አንድ አልኳት።