የነፋስ ዓይን

በሼትላንድ ደሴት፣ በጥር ዐውሎ ማግሥት፣
የኦስላ መስታወት ረግፎ አደረ መሬት።
ላውሪ መጣ ማለዳ፣ ስቱኮውን ለውሶ፣
አሮጌውን ክፈፍ በመሮ አለስልሶ።

«ቀስ!» አለችው ኦስላ፣ «አትድፈነው አጥብቀህ፤
‹ዊንዶው› እያልክ ኖረህ፣ መች ፍቺውን ጠይቀህ?
ጥንት በቀዘፋ የመጡት የኖርስ ሰዎች
መስታወት አያውቁም፤ የጨለሙ ቤቶች፣
ጣሪያው ላይ ቀዳዳ፤ ጢስ ይወጣበታል፣
ነፋስ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ያይበታል።
‹የነፋስ ዓይን› አሉት፤ ስሙ ከዚያ መጣ፣
ብርሃን ቢገባበትም ቃሉ ነፋስ አላጣ።
መርፌም ዓይን አላት፣ ድንች እንኳ ዓይን አለው፤
ነፋስን ለብቻው ምነው ልታሳውረው?»

ላውሪ ዝም።

ጠረጴዛው ጥግ ላይ ኢንጋ የልጅ ልጇ
ቃላት ትጽፋለች በቀዘቀዘ እጇ፤
‹ን›ን ዘለለቻት፤ ‹ዊዶው› ብላ ጻፈች፣
ባል የሞተባት ሴት ደብተሩ ላይ ወጣች።

ኦስላ መነጽሯን አድርጋ አየችው፤
እርሳስ አነሳችና መልሳ ተወችው።
ባሏ ማግኒ ለዓሣ ወጥቶ ካልተመለሰ
ስንት ጥር አለፈ፣ ስንት ነፋስ ነፈሰ።

ላውሪ በአውራ ጣቱ ስቱኮውን አሳለፈ፣
ከታች፣ ከጥጉ ላይ፣ ጥፍር ያህል ገደፈ።
ሒሳቡን ግን ሙሉ፣ ሳንቲም ሳያጎድል ጻፈ።