እርግብግቢት

አጥንት ገና ያልዘጋት፣ ቆዳ የጋረዳት፣
እናት ስታጥብ እንኳ ሰግታ የምትነካት፣
ከግንባር ከፍ ብላ ትር ትር የምትል፣
አንዲት ለስላሳ መስኮት አለች በራስ ቅል።

እኔ ሌሊት ሌሊት በዚያች መስኮት አያለሁ፤
ጄሉን በመዳፌ አሙቄ እቀባለሁ፤
ሕፃኑ እንዲበርድ የታዘዘ ቢሆንም፣
እጄ ልማዱ ነው፤ ትእዛዝ አይሰማም።

ትሮምሶ ነው፤ ታኅሣሥ። ፀሐይ ከሸሸች ሦስት ሳምንት ሆናት።
ቀን ብለው የሚጠሩት ሰማያዊ ጭላንጭል
ፊዮርዱ ላይ ጥቂት ቆሞ ይሄዳል፣ እንግዳ ይመስል።

ልጁ ከሰሜን ጠረፍ በሄሊኮፕተር መጣ፤
እትብት አንገቱን ይዞት ሲወለድ ትንፋሽ ያጣ፤
ስም ገና አልወጣለት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው
«የሱኒቫ ልጅ» የሚል የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው።

ሦስት ቀን ያበርዱታል። ውጭ ሰው የሚገድለው
ብርድ፣ እዚህ ተገርቶ፣ በቁጥር ተይዞ ያለው፣
ሠላሳ ሦስት ተኩል ላይ ገላውን ጠብቆ፣
እሳቱ እንዳይዛመት አንጎሉን ዘልቆ።

አባቱ ኦድቫር ነው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ መዳፉ በገመድ የተላጠ፤
ጥግ ላይ ቆሟል፣ ኮፍያውን እያፍተለተለ፣ በዝምታ እንደተዋጠ።
መሣሪያውን እርግብግቢቱ ላይ ሳሳርፍ፣ ስክሪኑ ሲበራ፣
ሳልጠራው ቀረበ።
«ይቺንማ አውቃታለሁ» አለ፣ ከዘመድ እንደሚያወራ።
«ጀልባዬ ላይ አለች። ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፣
የመታችውን ነገር ማሚቶ ይዛ ትመጣለች፤
ድንጋይ እንዲህ ነው፣ ጭቃ እንዲህ፣ የዓሣ መንጋ ሲያልፍ እንዲህ ያበራል።
እዚህስ፣ ወለሉ በስንት ይገኛል?»

«ስድስት ሴንቲ ሜትር።»

«ስድስት ሴንቲ ሜትር» አለ፤ ቀስ ብሎ ደገመው፣
ሁለት መቶ ሜትር ባሕር ማንበብ የለመደው።

መሃል ላይ፣ ጠለቅ ብሎ፣ ደብዛዛ ንጣት ነበረ፤
አየሁት። እሱም ሳየው አየኝ። ምላሴ ጥርሴ ሥር አደረ።
ማሳየት ነው ሥራዬ፤ መናገር የሐኪሟ ጣጣ፤
ፊቴንም ከጄሉ ጋር ጠረግሁት በፎጣ።

ሱኒቫ በአራተኛው ቀን ደረሰች። ነፋሱ አውሮፕላን አግዶ
በመርከብ ነው የመጣች፣ ስፌቷ ባሕሩ በተነሣ ቁጥር እየነደደ፣
ጡቷን አልባ፣ ወተቱን በጠርሙስ ይዛ፣
ከኮቷ ሥር አሙቃ፣ እንደ ወፍ እንቁላል ታቅፋ።

በአምስተኛው ቀን፣ ሙቀቱ ተመልሶ፣
ያንን ወተት በቱቦ ጥቂት ጥቂት ቀምሶ፣
ጆሮው ተሸፍኖ፣ እንደ ደብዳቤ ተጠቅልሎ ታሽጎ
ወደ ኤምአርአይ ገባ።
«ብረት ያለው ማን ነው?» አልኩ እንደ ደንቡ።
እናትየው ጉትቻዋን አውልቃ ተከተለች።
ኦድቫር ግን አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ፤
የመንጠቆ ስባሪ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥጋ የለበሰ።
ማግኔቱ አይምርህም አልኩት።
ከመስታወቱ ወዲህ ቀረ።

ማሽኑ የመርከብ ሆድ በመዶሻ እንደሚቀጠቅጡ ጮኸ።
ልጁ ተኛ።

ዶክተር ዮሩን ምስሎቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤
«እዚህ፣ በቀኝ በኩል» አለች፤ ጣቷን አሳረፈች፤
ከጥፍር የምታንስ፣ እንደ ጨው ቅንጣት የነጣች።
«ግራ እጁ ሊዘገይ ይችላል። ላይዘገይም ይችላል።
ፎቶ የዛሬውን እንጂ የነገውን መች ያውቃል?»

ሱኒቫ ያችን ነጥብ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት፣
ቤቷ ገብታ እንደተኛች የማታውቃት እንግዳ።
ኦድቫር፣ «ማሚቶ ዓሣ አያጠምድም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።
ከዚያ ያን አውራ ጣቱን፣ ብረት ያለበትን፣
በመስኮቷ ላይ አኖረ፤ አልተጫነም፤ ነካም አይባል።

ትር። ትር። ትር።

«መቼ ትዘጋለች?»

«ዓመት ተኩል ግድም።»

ወራቱን በጣቶቹ ቆጠረ።
አውራ ጣቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፣
ጠፋበት መሰለኝ፣
እንደገና ከትንሿ ጣቱ ጀመረ።