ከ«ሀ» በፊት

የባጃጁ ሹፌር ሳቢያን ሲያደርሰኝ ሥራዬን ጠየቀ።
«መዋጥ አስተምራለሁ» አልኩት።
መሪውን ለቆ ሳቀ።
«እሱን ዶሮም ያውቀዋል!»
ሒሳቤን ከፈልኩ፤ ዝም አልኩ።
ዶሮ ያውቀዋል፣ እውነቱን ነው።
ኢምራን ነው የማያውቀው።

ሦስተኛዋ ክፍል።
ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀቱን እኩል ሊያካፍል።
ከመልካ ጀብዱ መጣች ዘይቱና ልጇን አዝላ፣
ፓፓያ በፌስታል አንጠልጥላ።
አራት ዓመቱ ነው፤ ሚዛኑ ዘጠኝ ኪሎ ይላል።
«ከነልብሱ ነው» ትለኛለች፤
ሐቀኛ ናት፣ በግራምም አትዋሽም።

«ትን የሚለው ሰው፣ ስሙን ያነሣው አለ ይላሉ።
ይህን ልጅ በየጉርሻው መሐል ማን ነው የሚያነሣው?
የምናውቀው እኔ፣ አባቱ፣ እህቱ፣ አንቺ፤
እስቲ ዝም በሉልኝ!»

በጀርባው አስተኝታ ነበር የምታበላው፣ አሳዝኗት።
ደቻቱ ዓመት ሙሉ አሸዋ ነው፤
አንድ ሌሊት ግን መንገዱን ስቶ ሰው ቤት ይገባል።
ሾርባም እንደዚያው፤ የሳተ ቀን ሳንባ ያድራል።

የመጀመሪያውን ወር መቀመጥ ብቻ ተማርን፤
በጎንና በጎኑ የተጠቀለለ ፎጣ፣
እግሩ ሥር የዘይት ጄሪካን፣
አገጩ ዝቅ።
ከዚያ የማንኪያ ጫፍ፣ ከዚያ መጠበቅ።
ጣቴን ጉሮሮው ላይ አሳርፋለሁ፤
ሽቅብ ካለች ተሻገረ፣
ካላለች እቆጥራለሁ።

ትምህርት ቤት በ«ሀ» ይጀምራል።
«ሀ» ትንፋሽ ብቻ ናት፤ አፉን ከፍቶ ለሚውል ልጅ አትከብደውም።
«ለ» ምላስ ትፈልጋለች።
የእኔ ገበታ ግን ከ«መ» ይነሣል፦
ከንፈር ከከንፈር ካልገጠመ ማንኪያ አይራገፍም፣
«እማ»ም አይባልም።

ዘይቱና ይህን ከሰማች ወዲህ
መስታወቱ ፊት ተንበርክካ «እ—ማ፣ እ—ማ» ስትለው ታረፍዳለች፣
ከንፈሯ እስኪሰነጠቅ።

ማክሰኞ ነበር፣ ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው።
ዘጠኝ ማንኪያ ገብቷል፤ አሥረኛውን ሳቀርበው
ማንኪያውን አየው።
እኔን አየኝ።
ከንፈሩ ቀስ ብሎ ገጠመ፤
«እም—»
ዘይቱና ትንፋሿን ዋጠች።
«—ቢ!»

እጄ በአየር ላይ ቀረ።
እኔ አላስተማርኩትም።
እህቱ ሂንዲያ ሳትሆን አትቀርም፣
ሱቅ ሲልኳት በቀን ሃያ ጊዜ የምትለው እሱን ነው።

ዘይቱና ስልኳን ከሻሿ ጫፍ ፈትታ
ሲሚንቶ ፋብሪካ ደወለች፣ ቆማ።
«እምቢ አለ!»
«ማነው እምቢ ያለሽ? ሆስፒታሉ?»
«ልጅህ!»
ከዚያ በኋላ በስልኩ ውስጥ
የድንጋይ ወፍጮው ብቻ ተሰማ፣
ረጅም ጊዜ።

ማንኪያውን አጥቤ አስቀመጥኩ።
እምቢ ያለ አፍ አይከፈትም፤ ይህም ከትምህርቱ ነው።
ከዚያ ፋይሉ ላይ ጻፍኩ፦
«ዘጠኝ ማንኪያ ፓፓያ። ትንታ የለም።
አሥረኛውን፣ ራሱ እንደተናገረው፣ አልፈለገም።»