ተገልብጦ የሚነበብ

የመጀመሪያው ተበላሸ። እንዳለ ነበር ያተምኩት፣
መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ የሚነበብ፣ ልክ እንደ ወደድኩት፤
መዳቡ ላይ ሲያርፍ ግን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነ፣
የአይሲው እግር ቀዳዳውን አጣ፣ የሳምንት ድካሜ ባከነ።
ጠርዙ ላይ የጻፍኩት የአሠሪዬ ስም፣ «ፈንታነሽ»፣
ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ምነው፣ እናቴ፣ ተቀየምሽ?

ዲማ ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ ይሉን ነበር፦
«ሰሙን አቅልጥ፣ ልጄ፤ ወርቁ ያለው ከስር።»
ሦስት ዓመት አቀለጥኩ። ወርቅ አልወጣልኝም። ተውኩ።
አኮፋዳዬን ሰቅዬ ቢቸና ወረድኩ፣ ሬዲዮ መፍታት ለመድኩ።
አሁን ሌላ ሰም ይዣለሁ፣ ጥቁር፣ የቶነር ትቢያ፤
ማደሪያው የሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ ማቅለጫው የልብስ ካውያ።

ያለምዘውድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተመለስኩ በማግስቱ፣
ፎቅ ያለበት የባንክ መጽሔት ገንጥዬ፣ የሚያንሸራትት ፊቱ።
«ገልብጠሽ አትሚልኝ።»
«ተገልብጦ ማን ሊያነበው ነው፣ ጋሼ?»
«መዳብ» አልኳት። አስር ብር ሰጠኋት፣ ኪሴን ፈትሼ።

ሰሌዳውን በአመድ ፈተግኩት፣ ጣቴ እንዳያርፍበት ተጠንቅቄ፣
የጣት ወዝ ሰም አያስነክስም፣ ይህን የተማርኩት ወድቄ።
ካውያው ጋለ። ወረቀቱን በመዳቡ ፊት አልብሼ
ተጫንኩት በሙሉ ክብደቴ፣ ክርኔን ቀጥ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ፤
አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ
መብራት ሄደ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ የከሰል ካውያ አለው፣ የጥንት፤
ስሙ እንዲያ ቢሆንም ዕቃውን ያስነካል፣ የሰው ሰው ነው አትንኩት።
ፍሙን አራግቦ ሰጠኝ። «ሱሪ ነው የምትተኩሰው?»
«የጫጩት ማቀፊያ ነው።»
አላመነኝም። ካውያው እስኪበርድ ከአጠገቤ ቆሞ አየው።

በሳፋ ውሃ ነከርኩት፤ ባለ ፎቁ ባንክ ራሰ፣
በአውራ ጣቴ ሳሸው መስኮት በመስኮት ፈረሰ።
ጥቁሩ መስመር ግን ቀረ፣ መዳቡን አጥብቆ ነክሶ፣
ፈንታነሽም ዞራ አየችኝ፣ ቂሟ ተደምስሶ።

ከዚያ አሲዱ። ከማርቆስ የመጣ፣ የከረመ ጠላ መስሎ፣
ሰሌዳው በውስጡ ተወዛወዘ፣ እንደ ሕፃን እሹሩሩ ተብሎ፤
እርቃኑን ያለውን መዳብ በላው፣ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል፣
ሰም የለበሰውን ግን አልፎት ሄደ፣ ያላየው ይመስላል።

የኔታ፣ እርስዎ ሰሙ ይቅለጥ አሉኝ፣ ወርቁ እንዲገለጥ፤
እዚህ ግን ሰሙ ካልያዘ ወርቁ ነው የሚቀልጥ።
ይህን ቆሜ ብዘርፍልዎ ምን ይሉኝ ይሆን? «ቤት ጎድሏል» ይላሉ፣
ወይ ጭራዎን ነስንሰው «ድገመው» ብለው ዝም ይላሉ።

ሰሙን ባጠብኩበት ማግስት፣ ያለምዘውድ በሰጠችኝ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣
ስበሳ ሰበርኩ፣ ሁለቱንም፣ የነበረኝን መሰርሰሪያ።
አንዷን መስመር፣ ፀጉር የምታህለውን፣ አሲዱ ቆርጧት ኖሯል፤
በስታኞ ጠብታ ጠገንኳት፣ ጠባሳዋ ዛሬም ይታያል።
ጣቴም ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። በሰንበቴ ላይ የሚያየው ሁሉ
«ምን ነካህ?» ይለኛል። «መዳብ» እላለሁ። አይቀበሉ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሃምሳ ሁለት እንቁላል በገለባ ይዘው መጡ፣
ፊደል አይለዩም። ሰሌዳውን በጣታቸው ዳስሰው ደነገጡ፤
«ይህ ጠርዙ ላይ የሚሻክረው ብልሽት ነው?»
«ስምዎ ነው።»
«ቀና ነው?»
«አሁን ቀና ነው።»

ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ «ቀጭ» አለ፣ አምፖሉ ጠፋ።
ቀዝቀዝ ሲል «ቀጭ»፣ በራ። እሳቸው እጃቸውን በአፋቸው ጭነው፣
«ይህ ነገር ይተነፍሳል እንዴ?» አሉኝ፣ ወደ እንቁላሉ አጎንብሰው።
ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል፣ እማማ። እስከዚያ መብራት ባይሄድ ነው ጸሎቴ፤
ለእሱ የሚሆን ሰሌዳ
ገና የለም በቤቴ።