የኮርማክ ጣሳ

እምቦጭ ሊለካ ነው ኮርማክ የመጣ፤
ፊቱን ፀሐይ የላጠው፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ።
ሽምብጥ፣ ከጓሮዬ፣ አንድ ክፍል ሰጠሁት፤
«አገርህ የት ነው?» ብዬ አንድ ማታ ጠየቅሁት።
«አየርላንድ» አለኝ።
«መቼ ወጣህ?»
«አልወጣሁም» ብሎ ሳቀ።
«የወጣው አያቴ ነው። እኔ ቦስተን ተወልጄ
አገሬን ያወቅኋት በጣሳ ነው።»

ጣሳ?

«የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ፣
መጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ በሰንሰለት የተጠበቀ።
አርብ አርብ ደመወዝ ሲወጣ፣ ወደብ ጫኙ ተሰልፎ
ሳንቲሙን ይጥላል፣ ቆቡን ከራሱ ገፎ።
የአባቴም ትወድቃለች። ቅጭል! ትላለች፤
ድምጿን አውቃታለሁ፣ የጫማዬ ገንዘብ ነበረች።
‹ለማን ነው?› ስለው፣ ‹ለትግሉ› ይለኛል፤
‹የት ነው?› ስለው፣ ግድግዳ ላይ ካርታ ያሳየኛል።
ካርታው አረንጓዴ ነው። ሰው የለበትም።

ከሚኖሩባት ይልቅ እኛ ነበርን የምንመር፤
እነሱ እርቅ ሲሉት፣ እኛ ክህደት ያልነው ነገር
ስንት ነው!

ሃያ አራት ዓመቴ ላይ የአያቴን መንደር አየሁ፤
በአረንጓዴ ክራባት፣ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።
አንዲት ሴት ሻይ ቀዳችልኝ።
ባዶ ወንበር ነበር፤ ልቀመጥ ስል፣ ‹እሱ ላይ አይደለም› አለችኝ።
ቆየችና፣ በለሆሳስ፣
‹ጣሳችሁ ስንት ይይዝ ነበር?›
መልስ አልነበረኝም።
ከዚያ ወዲህ ውሃ ነው የምለካው።»

እኔ ደግሞ ወንድም አለኝ።
እናቴ «አንለይ» አለችው፤
ስሙን ይዞ ካልጋሪ ገባ።
እዚያ የማኅበር ጸሐፊ ነው፤
ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፣ በአዳራሽ ቁልፍ ተጣልቶ፤
ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ማኅተም፣ አንድ ቂም አትርፎ ቀረ በስቶ።
ቅዳሜ ይደውላል፤
«ሕዝቡ ምን ይላል?» ይለኛል።
ሕዝቡ እኔ ነኝ። አሳ እጠብሳለሁ። ዘይቱ ተወዷል።
«ቆማችኋል?» ይለኛል።
ቆሜያለሁ። ለነዳጅ። ለዳቦ። ባንክ በር ላይ።

ያን ሌሊት፣ ተኩሱ ከግሽ ዓባይ በኩል ሲንጣጣ፣
ልጄን ይዤ ከአልጋ ሥር፣ ላብ ከጀርባዬ ሲወጣ፣
ስልኩ ጠራ።
«ስንት ሰዓት ጀመረ? ፎቶ የለሽም?
ስብሰባ ላይ ነን፣ ላኪልኝ ቶሎ።»
ከኋላው ይጨበጨባል።
«አንለይ» አልኩት፣ «መጀመሪያ፣ እራት በላችሁ? በለኝ።»
መስመሩ ተቋረጠ።
እሱ ይሁን ኔትወርኩ፣ ዛሬም አላወቅሁም።

በማግስቱ ኮርማክ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ
አንድ እምቦጭ አሳየኝ፣ ከነሥሩ አውጥቶ።
«አየሽ፣ መሬት አይነካም፤ ሥሩ የተንጠለጠለ ነው፤
የሚሄደውም ነፋሱ ወደ ነዳው።»
አበባው ሐምራዊ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል።
ከሥሩ አሳው ትንፋሽ ያጣል።

እውነትህን ነው ልለው አፌን ከፈትኩና
ትዝ አለኝ፦ የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ፣
የእናቴ የደም ግፊት ኪኒን፣ ከዚያው እጅ ነው የሚመጣው።
ያ ከዳር የቆመው የእምቦጭ ማጨጃም፣
ማኅበሩ ሳይከፈል፣ ዶላር በዶላር ያዋጣው፣
አሁን መለዋወጫ አጥቶ የዛገው፣ ወፍ የሚጥልበት።
«አንጠልጥሎም ቢሆን ሥር ነው» አልኩት።
ኮርማክ ዝም አለ። ደብተሩ ላይ አንድ ቁጥር ጻፈ፣ ሰረዘው።

ሰኔ ሲገባ ሄደ። ክፍሉን ለተማሪ አከራየሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኩ ጠራ።
ጭብጨባ የለም። ከኋላው መኪና ብቻ ያልፋል።
ቆየ፣ ቆየና፣
«ቆሮሶ ስንት ገባ?» አለኝ።
ነገርኩት።
«ኧረ! በስመ አብ!
ማን ነው የሚሸጥልሽ? ዝም ብለሽ ነው የምትከፍዪ?
ተከራከሪው እንጂ!»